በመምህር ጴጥሮስ ቤት ያሉት ሦስት ደረጃዎች

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት የቢሮው ሰዎች መሸኛ አዘጋጁልኝ። የወላይታን ባህላዊ ልብስ ዱንጉዛ አለበሱኝ፣ ኬክ አስቆረሱኝ፣ ከዚያ መጋረጃውን ዘግተው የሠራኋቸውን ቤቶች ፎቶ ግድግዳ ላይ ያሳዩ ጀመር። የቤሌውን ጤና ጣቢያ አሳዩ፤ የቦዲቲውን አዳራሽ አሳዩ። መጨረሻ ላይ አንድ ዝቅ ያለ፣ ጣራው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ ፊቱ መስታወት በመስታወት የሆነ ቤት መጣ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁ፣ "ሶዶ ውስጥ ቤት ማለት ይህ ነው። ኢንጅነር ማቴዎስ ይህን ብቻ ሠርቶ ቢያርፍ እንኳ ይበቃው ነበር" አለ። አንድ ቃል እንድናገር ማይክ ሰጡኝ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብዬ ተቀመጥኩ። ደስታ ያነቀኝ መስሏቸው እንደገና አጨበጨቡ።

ያ ቤት አንዲት አሮጊት ገድሏል። አንድ ትዳርም አብሮ ቀብሯል። ይህን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ ሁለታችንም ዝም ብለን ኖርን። የእኔ ዝምታ ግን ከሌላው ይከፋል።

ኢንጅነር ይሉኛል እንጂ ኢንጅነር አይደለሁም። ድራፍትስማን፣ ፕላን ሣይ ነኝ። የቦዲቲ ልጅ ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አጭር የቴክኒክ ኮርስ ወሰድኩና ሶዶ በአንድ የመንግሥት ግንባታ ቢሮ ተቀጠርኩ። ያኔ ሶዶ የአውራጃ ከተማ ነበረች። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጫማ ይበቃ ነበር፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ክፍላችን ሁለት የንድፍ ጠረጴዛና አንድ ጋሽ ዘርጋ ነበረው።

ጋሽ ዘርጋ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ላይ የከተመ አናጢ ልጅ ነው። እሱም በወጣትነቱ አናጢ ነበር። የፈረንጅ ሚሲዮናውያን በጃንሆይ ጊዜ መኖሪያ ሲሠሩ መስኮትና ጣሪያ ይገጥምላቸው ነበር፤ ፕላን ማንበብንም፣ መሣልንም የተማረው ከእነሱ ነው። የግራ እጁ አውራ ጣት ጫፉ በመጋዝ ሄዷል። በቀረችው ጉማጅ ወረቀቱን ተጭኖ ሲያሰምር መስመሩ ከእኔ ሙሉ እጅ ይልቅ ቀጥ ይል ነበር።

የመጀመሪያውን ሦስት ወር በር ብቻ አሣለኝ። ሌላ ምንም። ሲሰለቸኝ፣ "ግድግዳ ማንም ይሥላል። በር ግን ሰው ያልፍበታል" ይለኛል። ቀለም ሲሳሳት ትሬሲንግ የሚባለውን ስስ ወረቀት በምላጭ ይፍቃል፤ ሲፍቅ አይቸኩልም፣ ትንፋሹን ይይዛል፤ ከዚያ የፋቀውን ቦታ በጥፍሩ ጀርባ እያሸ ያለሰልሰዋል። ወረቀቱን አንዴም ቀዶ አይቼ አላውቅም። ፕላን ከመሣሉ በፊት ደግሞ ባለቤቶቹ አሁን ወደሚኖሩበት ቤት ይሄዳል፤ የቀረበለትን የተቀቀለ የቦዬ ሥር እየበላ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚነሳ፣ ማን ግድግዳ ይዞ እንደሚሄድ ያያል። ወረቀትና እርሳስ አያወጣም። ዝም ብሎ ይበላል።

ከሁሉም የሚገርመው ግን አመዱ ነው። ፕላኑ ካለቀ በኋላ ከዳቦ ቤት አንድ ማዳበሪያ አመድ ይሸከማል፤ ባዶው መሬት ላይ ሲባጎ ወጥሮ ቤቱን በሙሉ ልኩ በአመድ ያሰምረዋል። ግድግዳውን፣ በሩን፣ ደረጃውን። ከዚያ ቤተሰቡን ጠርቶ፣ "በሉ ግቡና ኑሩበት" ይላል።

መጀመሪያ ያየሁት በትውልድ ከተማዬ በቦዲቲ ነው። ባለቤቱ ወንጌላዊ ነበሩ፤ ዓይናቸው የጠፋ አባት ነበሯቸው። ሁላችንም ሽማግሌውን ረስተናል። ጋሽ ዘርጋ ግን ከጥላ ሥር ከተቀመጡበት ራሱ ሄዶ አነሳቸውና የአመዱ ቤት ደጃፍ ላይ አቆማቸው። "አባባ፣ እዚህ ነው በሩ። መኝታዎ በስተቀኝ ነው። ይሂዱ እስቲ።" ሽማግሌው በዱላቸው እየዳበሱ ገቡ፤ ኮሪደር ብለን ያሰመርነው ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ዞሩ፤ እንደገና ቆሙ።

"ልጄ፣ እኔ በምን አውቃለሁ ቀኝ መታጠፊያውን? ግድግዳው ሲያልቅ ሁለት በር አለ እኮ" አሉ በወላይትኛ።

ጋሽ ዘርጋ አንዱን በር በጫማው አጠፋውና በሌላ በኩል አሰመረው። ያን ፕላን ለመጨረስ እኔ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኝ ነበር። ፊቴን አየና፣ "ወረቀት አይሰናከልም፣ ማቴዎስ። የሚሰናከለው ሰው ነው" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዞርኩ። ቦምቤ ሁለት ዓመት ቆየሁ፤ ትምህርት ቤት በትምህርት ቤት ላይ፣ ሁሉም ከአንድ ፕላን የተቀዳ። ቤሌ ተዛወርኩ። ቤሌ ሙቀት ነው፤ ከላይ የተላከው የጤና ጣቢያ ፕላን ግን የተኝቶ ታካሚዎችን መስኮት ወደ ምዕራብ ያዞራል። አለቃዬን፣ "ከሰዓት በኋላ ሕመምተኞቹ ይቃጠላሉ፤ ሕንጻውን እንገልብጠው" አልኩት። ከፋይሉ ቀና ሳይል፣ "ማህተም አለበት። ከፈለግክ ፀሐይዋን ገልብጥ" አለኝ። ሠራነው። ነርሶቹ ከሰዓት ከሰዓት አልጋውን ወደ በረንዳ ሲያወጡ ሰባት ዓመት አየሁ። ሌላ አለቃ ደግሞ ነበረኝ፤ ሥራችንን በወረቀቱ ውፍረት የሚመዝን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን አንድም ቀን ሳይት ወርዶ አያውቅም።

ጋሽ ዘርጋ እኔ ቤሌ እያለሁ ሞተ። ለቀብሩ ደረስኩ። ባለቤቱ ምላጩንና ብዕሮቹን ሰጡኝ፤ ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳቸው፤ ዓለም ወደ ኮምፒውተር ዞሮ ስለነበር አልተጠቀምኩባቸውም።

ከመንግሥት ለቅቄ ወደ ግል ቢሮ የገባሁት ሶዶ ፎቅ በፎቅ መሆን ስትጀምር ነው። የሚመጣው ሁሉ ጂ ፕላስ ሁለት፣ ጂ ፕላስ አራት፣ ከሥሩ ሱቅ፣ ፊቱ ሰማያዊ መስታወት። አንዱን ፕላን ለአሥር ሰው ስንሸጥ ማንም አይጠይቅም። እውነቱን ለመናገር ልቤ ሞቶ ነበር። መምህር ጴጥሮስና ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ቢሮዬ የገቡት በዚህ ጊዜ ነው።

መምህሩ ለጡረታ የተቃረቡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ቀጭን፣ ንግግራቸው የተለካ። ወይዘሮ አስቴር የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ማኅበር ትመራለች፤ ሳቂታ ነበረች፤ ያኔ። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ዳገቱ ላይ፣ መቶ ስልሳ ካሬ ቦታ አላቸው፤ አሥር በአሥራ ስድስት።

"ፎቅ አንፈልግም" አሉ መምህሩ። "ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ስማር አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ቤት አትክልት አጠጣ ነበር። ቤቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ጣራው ሰፊ ክንፍ አለው። መስኮቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው። ወለሉ ጠጠሩ ተፈጭቶ የለሰለሰ ቴራዞ ነው። ከውጭ ቆሜ ሳየው ሰዎቹ ሜዳ ላይ የሚበሉ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ ያለ ቤት ሥራልኝ፣ ኢንጅነር።"

ያን ቤት አውቀዋለሁ። ጣሪያውን የገጠመው ጋሽ ዘርጋ ነው፤ አንድ ቀን ወስዶ አሳይቶኛል። መምህሩ ሲናገሩ ወረቀት ወደ ራሴ ሳብኩ። እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜ አንዴ ይመጣል፤ ለኔ በሃምሳ ዓመቴ ገደማ መጣ።

"ስንት ሰው ነው የሚኖርበት?" አልኳቸው።

"አምስት። እኛና ሦስቱ ልጆች።"

"እናትዎስ?"

"እናቴ ቤሌ ገጠር ናት፤ ከታናሽ ወንድሜ ጋር። እሷ ከእንሰቷ አትለይም" ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። የወላይታ ልጅ ነኝ፤ ባል የሞተባት እናት መጨረሻዋ ትልቁ ልጇ ቤት እንደሆነ አውቃለሁ። ጋሽ ዘርጋ ቢሆን ቤሌ ድረስ ሄዶ ያያት ነበር። እኔ "አምስት" ብዬ ጻፍኩ።

ፈረንጆቹ ያን ቤት የሠሩት ሰፊ ግቢ ላይ ነው። እኔ ያለኝ አሥር ሜትር ፊት ነው፤ በቀኝም በግራም ጎረቤት፤ ወደ ጎረቤት መስኮት መክፈት አይፈቀድም። ብርሃን ከየት ይምጣ? አራት ወር ሙሉ ይህንን ሳስብ ተኛሁ፣ ይህንን ሳስብ ተነሳሁ። በመጨረሻ መሃሉን ቀደድኩት፤ ሦስት በአራት የሆነች የውስጥ ግቢ፣ ሦስት እንሰት የሚበቅልባት። ሳሎኑ በፊት ከመንገዱ፣ ከኋላ ከእንሰቱ ብርሃን ያገኛል። ጣራውን ወደ አንድ ጎን አዘንብዬ ክንፉን ሜትር ከሃያ አወጣሁት፤ አሸንዳውን ከክንፉ ጀርባ ደበቅሁት። አንዱን ግድግዳ በጥቁር ድንጋይ አስገነባሁ፤ ጣሪያውን በጣውላ።

ዳገቱ ደግሞ ነበር። መሬቱን ቆርጦ ማስተካከል ከባድ ነው፤ ድጋፍ ግንብ ይጠይቃል። ስለዚህ ቤቱን ዳገቱን ተከትዬ ለሁለት ከፈልኩት፤ ሳሎኑ ታች፣ የምግብ ክፍሉና መኝታዎቹ ከፍ ብለው። በመካከላቸው ሦስት ደረጃ፤ እንደ ሳሎኑ ስፋት ሙሉ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ከበሩ ስትገባ ወለሉ እንደ ጨርቅ ታጥፎ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስላል። በሕይወቴ ከሣልኩት ሁሉ የኮራሁበት ያ ነበር።

አመድ አልዘረጋሁም። ቦታው ጠባብ ስለሆነ በድንጋይና በአሸዋ ክምር ተሞልቷል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በኮምፒውተር ሥዕሉን አሠራሁ፤ ቤቱ ውስጥ የምትዞር እስኪመስልህ ድረስ ያሳያል። መምህሩና ወይዘሮ አስቴር ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው እንደ ሕፃን ተደሰቱ።

ወለሉን ያነጠፈው ደስታ የሚባል ባለሙያ ነው። የቦምቤ ሰው ነው፤ በዚህ አካባቢ እንደሱ ቴራዞ የሚያውቅ የለም። ጠጠሩን ራሱ ይለቅማል፣ ያጥባል፣ በመጠን ይለያል፤ ሲፈጭ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ያዳምጣል። እኔ አንድ ቀለም አዘዝኩ፤ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ታችም ላይም ደረጃውም። ደረጃው ላይ ሲደርስ ጠራኝ።

"ኢንጅነር፣ ይሄ ደረጃ አትታይም" አለኝ። ደስታ አማርኛው ላይ ወንድና ሴት አይለይም። "ከላይ ስትመጣ ሁሉም አንድ ነው። በዚህ ላይ መስታወቱ ፊት ለፊት ያበራል። ጫፍ ጫፉ ላይ ሁለት ጣት ጥቁር መስመር ላስገባ። በጎን ደግሞ መደገፊያ ብረት ብታስደርግ።"

"የንድፉን መስመር ይሰብርብኛል" አልኩ።

"እኔ ወጣት ነኝ፤ ጠዋት ልወድቅ ነበር።"

"ደስታ፣ አንተ ንጣፍህን አንጥፍ። ንድፉን ለኔ ተው።"

ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ጉልበቱን አጥፎ ሥራውን ቀጠለ። ሦስቱን ደረጃዎች ሲጨርስ አንዲት እንከን አልነበረባቸውም። ጫፋቸው የት እንደሆነ በእጅ ካልዳሰስክ አይታወቅም።

ቤቱ ሲመረቅ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጸለዩ፤ መዘምራን ዘመሩ። መምህር ጴጥሮስ ሳሎኑ መሃል ቆመው አለቀሱ። ሰዎች ፎቶ ያነሱ ነበር። በእሳቸው ቤት ምክንያት ሦስት ሰው መጥቶ አሠራኝ።

በዓመቱ ታናሽ ወንድማቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር ሄደ፤ እናታቸው መጣች። ሁሉም "አዬ" ነበር የሚሏት፤ በወላይትኛ እማማ እንደማለት ነው። ዓይኗ በሞራ የተሸፈነ፣ አጭር፣ ሌሎች ሲያወሩ ራሷን እየነቀነቀች የምትሰማ ሴት። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ ሳሎኑ ጥግ ተቀምጣ አገኘኋት። ቤቱን የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ ሲነግሯት እጄን ያዘች።

"ልጄ" አለችኝ፣ "ያለሁት ቤት ውስጥ ነው ወይስ መንገድ ላይ? ሰው ሁሉ ያየኛል።" መስታወቱን ማለቷ ነው። ሳቅን። "መሬቱም የት እንደሚያልቅ አይነግረኝም" አለች። እሱንም ሳቅንበት። እንዲህ ነግራኝ ነበር። በራሷ አፍ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ወይዘሮ አስቴር የማኅበሩ ሴቶች ለጸሎት ስለሚመጡባት ወለሉን በውሃ ወለወለች። አዬ ከመኝታዋ ወጥታ ወደ ሳሎን ስትመጣ የመጀመሪያውን ደረጃ መሬት መስሏት ረገጠች። ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታሉ የሚችለውን አደረገ፤ በዚያ ዕድሜ አጥንት አይገጥምም አሉና ወደ ቤት መለሷት። ሰባት ወር ተኛች። ሰው እንዳያያት መስታወቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀሉላት።

ልጠይቃት ስሄድ ደረጃው ዳር ላይ የውሃ ቧንቧ ቆሟል፤ መምህሩ ብየዳ ሠራተኛ ጠርተው መደገፊያ አስደርገዋል። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ ያን ቧንቧ ሳይ መጀመሪያ ልቤ ውስጥ የመጣው ቃል "አበላሹት" የሚል ነበር። ሴትዮዋ በዚያኛው ክፍል እያቃሰተች።

በስምንተኛው ወር ሞተች። ድንኳኑ ከመንገዱ ዳር ተተክሏል። ከመምህሩ በሦስተኛ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ከቤሌ የመጡ ዘመዶች እንዴት እንደወደቀች ጠየቋቸው። መምህሩ ረጋ ባለ ድምፅ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፉ ሁሉ፣ "አስቴር ወለሉን ባታረጥበው ኖሮ እናቴ ዛሬ አትቀበርም ነበር" አሉ።

ወይዘሮ አስቴር የንፍሮ ትሪ ይዛ ከጀርባቸው ቆማለች። ትሪውን አልጣለችም። አስቀመጠችው፤ ተመልሳ ገባች።

የዚያን ጊዜ መነሳት ነበረብኝ። "መምህር፣ ውሃው አይደለም። ወለሉ ደርቆም ቢሆን ትወድቅ ነበር። እኔ ነኝ፤ መደገፊያ ይደረግ ሲሉኝ እምቢ ያልኩት" ማለት ነበረብኝ። ድንኳኑ ውስጥ ወደፊት ሊያሠሩኝ ያሰቡ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። "ለቅሶው ይለፍ፣ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ" አልኩ። ለቅሶው አለፈ። "ይረጋጉ" አልኩ። ተረጋጉ። ከዚያ ዓመት መጣ፤ ዓመት ሄደ። በበዓል ስንገናኝ መምህሩ ይስሙኛል፤ "ኢንጅነር፣ ቤቴ እኮ" ይሉኛል። ደስታን መንገድ ላይ አገኘዋለሁ። ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይለኛል። ያን ነገር አንድም ቀን አላነሳም። ቢያነሳብኝ ይቀለኝ ነበር።

መምህር ጴጥሮስ ከሁለት ዓመት በፊት በደም ግፊት ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር።

እንግዲህ ከመሸኛው በኋላ በነበረው ሐሙስ ከሰዓት፣ ባጃጅ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ወይዘሮ አስቴር ብቻዋን ናት፤ ልጆቹ ተበትነዋል። በቀኝና በግራ ጂ ፕላስ አራት ተሠርቶ ሳሎኑን አጨልሞታል። የውስጥ ግቢው እንሰት ፀሐይ አጥቶ ቀጥኗል። ገዢዎች እየመጡ መሬቱን እንደሚጠይቁ፣ ቤቱን ማንም እንዳልጠየቀ ነገረችኝ።

"ሻይ ላፍላልዎ?" አለችኝ።

"አይሆንም። ቁጭ በይልኝ። የምነግርሽ አለ።"

ሁሉንም ነገርኳት። አመዱን፣ "አምስት ሰው" ማለቴን፣ ደስታ የለመነኝን፣ የመለስኩለትን። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

"ደስታ ጥቁር መስመር ላስገባ ብሎሃል?" አለች። ከተዋወቅን ጀምሮ አንድም ቀን "አንተ" ብላኝ አታውቅም።

"ብሎኛል።"

"መደገፊያም?"

"አዎ።"

"ድንኳኑ ውስጥ ነበርክ። ሲናገር ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

ውጭ ባጃጅ ዳገቱ ላይ ሲያቃስት ይሰማል።

"ጴጥሮስ ከዚያ ቀን በኋላ አልሰደበኝም፣ አልመታኝም" አለች። "ግን ከኔ እጅ ውሃ አልጠጣም። ሲጠማው ራሱ ተነስቶ ይቀዳል። ሊሞት ሳምንት ሲቀረው፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ራሱ ተነስቶ ቀዳ። እኔ እዚህ ተቀምጬ አየዋለሁ። ትክክል ነው እል ነበር። እናቱን ገድያለሁ እል ነበር። በየጸሎቱ፣ ጌታ ሆይ ያችን ባልዲ ማርልኝ እል ነበር።"

ወለሉን እንጂ እሷን ማየት አልቻልኩም።

ስልኳን አነሳችና ደወለች። "ሩት ናት" አለችኝ። ትልቋ ልጅ፤ ሐዋሳ ነርስ ናት። "እሷም እንደ አባቷ ነው የምታስበው። ንገራት።"

ስልኩን ተቀበልኩ። ሁለተኛ ጊዜ መናገር ይቀላል ብዬ ነበር፤ አይቀልም። ስጨርስ፣ "እማዬ አጠገብህ ናት?" አለችኝ። "አዎ።" "ስጣት።"

ወይዘሮ አስቴር ስልኩን ይዛ ቧንቧውን እየተደገፈች ወደ ላይ ወጣች። ጀርባዋን ሰጥታኝ በወላይትኛ ታወራለች። አብዛኛውን አልሰማሁም። አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅዋ ከፍ አለ። "አባትሽ ግን ሳይሰማ ሄደ" አለች። "ለእሱ ማን ይንገርልኝ?"

ተመልሳ ስትመጣ አላለቀሰችም። ቆማ ቀረች፤ እኔም ተነሳሁ።

"ክርስቲያን ነኝ፤ ይቅር ብዬሃለሁ ማለት ይገባኝ ነበር" አለችኝ። "ዛሬ አልልህም። ነገም እንደምልህ አላውቅም።"

"አልጠይቅሽም" አልኩ።

"አንድ ነገር ግን አድርግልኝ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ አሉ፤ የቤሌ ዘመዶች አሉ፤ በዚያ ድንኳን ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ አለ። ለሁሉም እየደወልኩ አልችልም። ወረቀት ላይ ጻፈው። ሰው አነባለሁ ሲል እሰጠዋለሁ። ስምህን ግን አትደብቅ።"

ጽፌያለሁ። የሥራ ዘመኔን ታሪክ ብጽፍ ኖሮ ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ይህ ግን ለእሷ ነው የተጻፈው። ማቴዎስ እባላለሁ። መምህር ጴጥሮስ ቤት ያሉትን ሦስት ደረጃዎች የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ ጫፋቸው እንዲታይ ተለምኜ እምቢ ያልኩትም እኔ ነኝ። ወይዘሮ አስቴር በዚያ ቅዳሜ ጠዋት እንግዶች ስለሚመጡባት ቤቷን አጸዳች። ሌላ ምንም አላደረገችም።